አጥንቱን አጥፈው የሚስሉ ልጆች

ከድሬዳዋ የደረሰን ደብዳቤ ነው፤ በጥቂቱ አሳጥረነዋል።

«የ4ኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ አስተማሪ ነኝ። 58 ተማሪዎች አሉኝ። ትምህርት ቤታችን የአጽም ሞዴል የለውም፤ ያለኝ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ የደበዘዘ ሥዕል ብቻ ነው። ልጆቹ ‹መገጣጠሚያ ሁለት አጥንቶች የሚገናኙበት ቦታ ነው› የሚለውን በቃላቸው ይሉታል። ‹የታጠፈ ክንድ ውስጡ ምን ይመስላል? ሳሉ› ስላቸው ግን አብዛኞቹ አንድ ረጅም አጥንት ክርኑ ላይ ጎበጥ አድርገው ሳሉልኝ። ምን ባደርግ ይገባቸዋል? ደግሞ ከተማሪዎቼ አንዱ በክራንች ነው የሚሄደው። ስለ እግርና ስለ ጉልበት ሳስተምር ልጁን እንዳይከፋው እሰጋለሁ።»

ውድ መምህርት፣

ሥዕሎቹን አይጣሏቸው። ከየትኛውም የፈተና ውጤት በላይ የልጆቹን ሐሳብ የሚያሳዩ እነሱ ናቸው። ልጆቹ ትርጉሙን ያውቁታል፤ ክንዳቸው እንደሚታጠፍም ያውቃሉ። ያልተገናኘላቸው አጥንቱ ራሱ እንደማይታጠፍ፣ የሚንቀሳቀሰው መጋጠሚያው እንደሆነ፣ መጋጠሚያውም ቢሆን ቅርጹና ጅማቱ (አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው) በፈቀዱለት አቅጣጫ ብቻ እንደሚሄድ ነው።

ስለዚህ ዋናው ምክራችን አንድ ነው። መገጣጠሚያው ወዴት እንደሚሄድ በማሳየት አይብቃዎት፤ ወዴት እምቢ እንደሚል ልጆቹ ራሳቸው ይፈልጉ። «ክርናችሁ ይታጠፋል» ቢሏቸው አዲስ ነገር አልነገሯቸውም። «ወደ ኋላ ለምን አይታጠፍም?» ሲሏቸው ግን ሁሉም ክርኑን መዳበስ ይጀምራል። የአዋቂ ሰው አጥንቶች 206 ናቸው የሚለውን ቁጥርና የአጥንቶቹን ስም ዝርዝር ለኋላ ያቆዩት። ከፊት ከመጣ ልጆቹ ቁጥሩን ይዘው ሌላውን ይተዉታል።

የመጀመሪያዎቹ 40 ደቂቃዎች ምንም ዕቃ አይፈልጉም። ሁሉም የግራ እጁን የመሃል ጣት በቀኝ እጁ ይያዝና መሃለኛውን አንጓ ይሞክር። ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። አሁን ከአንጓው በላይና በታች ይዞ በቀስታ ወደ ጎን ይግፋው፤ እምቢ ይላል። ቀጥሎ ጣቱ ከመዳፍ ጋር የሚገናኝበትን አንጓ ይሞክር። ይህኛው ይታጠፋል፣ ወደ ጎንም ይከፈታል። ከዚያ ጡጫ ጨብጠው ጣቶቻቸውን ለመፈርከክ ይሞክሩ። አሁን ያው መገጣጠሚያ ወደ ጎን መሄዱን ተወ፤ ምክንያቱም በሁለቱም ጎን ያሉት ጅማቶች ጣቱ ሲዘረጋ ይላላሉ፣ ሲታጠፍ ይወጠራሉ። እምቢታው አንዳንዴ ከአጥንቱ ቅርጽ፣ አንዳንዴ ከጅማቱ እንደሚመጣ እዚሁ ላይ ይገልጹላቸዋል።

አጥንቶቹን በእስክሪብቶ ምልክት እያደረጉ ሲቆጥሩ በእጅ ጀርባ በኩል ይሁን እንጂ በመዳፍ በኩል አይሁን። ብዙ መምህራን እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። በመዳፍ በኩል ጣቱ የሚጀምርበት መስመር መገጣጠሚያው ያለበት ቦታ አይደለም፤ መገጣጠሚያው ከመስመሩ ዝቅ ብሎ መዳፉ ውስጥ ነው ያለው። ጡጫ ሲጨበጥ በእጅ ጀርባ ጎላ ብሎ የሚወጣው ጉብታ የመዳፍ አጥንቱ ጫፍ ነው፤ ጣቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በዚህ መንገድ ሲቆጠር አራቱ ጣቶች ሦስት ሦስት፣ አውራ ጣት ሁለት፣ በጠቅላላው 14 ይሆናል። የመዳፉን 5 እና የእጅ አንጓውን 8 ትንንሽ አጥንቶች ሲደምሩ 27 ይመጣል። አንድ እግር ከቁርጭምጭሚት እስከ ጣት 26 አለው። ልጆቹ ራሳቸው ይደምሩት፤ ሁለት እጅና ሁለት እግር 106 ነው። ከአዋቂ ሰው 206 አጥንቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚያ ተሰብስበዋል ማለት ነው። ቁጥሩ የሚጠቅመው አሁን ነው፤ ረቂቅ እንቅስቃሴ ባለበት ቦታ አጥንቱ ትንንሽና ብዙ መሆኑን ያሳያልና።

ልጆች በጣም የሚወዱት አንድ ሙከራ አለ። እጃቸውን ጠረጴዛ ላይ መዳፉን ወደ ታች አድርገው ያስቀምጡ፤ የመሃል ጣታቸውን ብቻ ወደ ውስጥ አጥፈው ከመዳፋቸው ሥር ያስገቡ። አሁን አውራ ጣትን፣ ጠቋሚ ጣትን፣ ትንሿን ጣት አንድ በአንድ ያንሱ። የቀለበት ጣት ግን አትነሳም፤ ብትነሳም በጭንቅ ነው። እዚህ ጋ ቆም ብለው «በሌላው እጃችሁ አንሷት» ይበሏቸው። ያለ ችግር ትነሳለች! መገጣጠሚያው ደህና ነው፤ እምቢ ያለው ጣቶቹን የሚያነሱት ጅማቶች (እነዚህ ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዙት ናቸው) በእጅ ጀርባ ላይ እርስ በርስ የተያያዙ በመሆናቸው ነው። «በራሴ ልንቀሳቀስ» እና «በሌላ ሰው እጅ ልንቀሳቀስ» የሚለውን መለየት ሐኪምም የተጎዳ እጅ ሲመረምር የሚጠቀምበት ዘዴ ነው።

ከዚያ ወደ ክንድ ይሂዱ። ሁሉም ክርኑን ወገቡ ላይ አጣብቆ መዳፉን ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች ይገልብጥ። ክርኑ አልተነቃነቀም፤ እጁ ግን ተገለበጠ። የበር ማጠፊያ እንዲህ አይገለብጥም፤ በሩን ከመክፈትና ከመዝጋት ያለፈ ሥራ የለውም። ታዲያ ይህ ከየት መጣ? ከክርን በታች ያሉት አጥንቶች ሁለት ናቸው። መዳፍ ወደ ላይ ሲሆን ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ ወደ ታች ሲገለበጥ በአውራ ጣት በኩል ያለው በትንሿ ጣት በኩል ባለው ላይ ይሻገራል። ሁለት እርሳስ ይዘው መጀመሪያ ጎን ለጎን፣ ቀጥሎ አጠላልፈው ያሳዩ። ልጆቹም በሌላው እጃቸው ከክርን ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት በኩል ያለው የእጅ አንጓ ጉብታ ድረስ እየዳበሱ ይገልብጡ፤ ያኛው አጥንት ከክርኑ በኩል አይዞርም።

አንገት ላይ ብዙ አይቆዩ፤ ግን ይህን አይዝለሉት። ራስን ለ«አዎ» መነቅነቅ በራስ ቅልና በመጀመሪያው የአንገት አጥንት መካከል ይጀምራል። ለ«አይ» መነቅነቅ ደግሞ ግማሽ ያህሉ በአንደኛውና በሁለተኛው አጥንት መካከል ነው። የሰው አንገት 7 አጥንት አለው። ከከተማው ዳር የሚያዩት ግመልም 7 ነው ያለው፤ የእሱ አጥንቶች ረዘሙ እንጂ አልበዙም። ይህን ከመናገርዎ በፊት እንዲገምቱ ያድርጉ።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ መገጣጠሚያን አስሮ የማየት ነው። ከሱቅ ባዶ ካርቶን ይሰብስቡና 25 ሴ.ሜ በ22 ሴ.ሜ አድርገው ይቁረጡ። ካርቶኑን የተዘረጋ ክርን ላይ ጠቅልለው ከክርኑ በላይና በታች፣ በ3 ሴ.ሜ ስፋት በተቀደደ ጨርቅ ይሰሩ። ፕላስተር አይጠቀሙ፤ በድሬ ሙቀት ላብ ያላቅቀዋል፣ ያልለቀቀው ደግሞ ፀጉር ይነቅላል። በካርቶኑና በክንዱ መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት። የታሰረው ልጅ ጥፍሩን ተጭኖ ይልቀቅ፤ የነጣው በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ ቀለሙ ካልተመለሰ ጠብቋል ማለት ነው፣ ይፍቱት። ከ5 ደቂቃም አይለፍ።

ክርኑ የታሰረ ልጅ ሳምቡሳ ይስጡትና ይብላ። አንገቱን ይሰብራል፣ ትከሻውን ያነሳል፣ ይጎነበሳል፤ አፉ ላይ አይደርስም። ለጓደኛው ማጉረስ ግን ይችላል፤ ለዚያ ትከሻው ይበቃዋልና። ወዲያው «የትኛው መገጣጠሚያ ለመርዳት ሞከረ?» ብለው ይጠይቁ። ሌላው ደግሞ አውራ ጣቱን ከመዳፉ ጋር በጨርቅ አስሮ የሃይላንድ ክዳን ይክፈት፣ ቁልፍ ይቆልፍ፣ ጠረጴዛ ላይ ያለ የአንድ ብር ሳንቲም ያንሳ። የአውራ ጣት ሥር መገጣጠሚያ ከሌሎቹ ጣቶች በተለየ መዳፉን አቋርጦ ከሁሉም ጣቶች ጫፍ ጋር መገናኘት ይችላል፤ ሲታሰር ምን ያህል ሥራ እንደሚቀር ልጆቹ ራሳቸው ያያሉ።

እግረ መንገድዎን ስለ ማጥበቅ አንድ ቁም ነገር ያስተምሩ። በስብራት ላይ በጣም ተጠብቆ የታሰረ ማሰሪያ ደም ዝውውሩን ዘግቶ እጅን ወይም እግርን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ፣ ቀለማቸው ከተለወጠ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ማሰሪያው ወዲያው ላልቶ ልጁ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። የ10 ዓመት ልጅ ይህን ካወቀ ቤት ውስጥ ሊናገር ይችላል።

ጉልበት ማሰርን በእርስዎ ክፍል እንዲተዉት እንመክራለን። በክራንች የሚሄደው ልጅ እያየ ሌሎቹ እያነከሱ ሲስቁ ምን ሊሰማው እንደሚችል ሳያውቁት አልቀሩም፤ ክርንና አውራ ጣት ለትምህርቱ ይበቃሉ። ስለ እግር ማስተማሩን ግን አይዝለሉት፤ በእሱ ምክንያት እንደተዘለለ ልጁ ወዲያው ይገባዋል። ከትምህርቱ አንድ ቀን ቀደም ብለው ብቻውን ያነጋግሩት። «ነገ ስለ ጉልበት እንማራለን፤ በክራንች ስትሄድ እጅህ እንዴት እንደሚሠራ ለክፍሉ ማሳየት ትፈልጋለህ ወይስ እንለፈው?» ይበሉት። አልፈልግም ካለ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ምክንያት አይጠይቁት።

እፈልጋለሁ ካለ ግን ከማንኛውም ሥዕል የተሻለ ትምህርት አለው። በክራንች ሲኬድ ሰውነትን የሚሸከሙት መዳፍ፣ የእጅ አንጓ፣ ክርንና ትከሻ ናቸው። ክርኑ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ይቆማል፤ ጨርሶ እንዳይታጠፍ የሚይዘው ከላይኛው ክንድ ጀርባ ያለው ጡንቻ ነው። ልጁ ሲደገፍ ጓደኞቹ ያንን ጡንቻ ቢዳብሱ ጠንክሮ ያገኙታል። በዚሁ አጋጣሚ የክራንቹን ልክ ይዩለት። ቀጥ ብሎ ሲቆም በብብቱና በክራንቹ ጫፍ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት መግባት አለበት፤ ክብደቱም በእጁ ላይ እንጂ በብብቱ ላይ አይረፍ። በብብት በኩል የሚያልፉ ነርቮች ለረጅም ጊዜ ሲጫኑ እጅ ይደነዝዛል፣ ይደክማል። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ክራንች ቶሎ ያጥረዋል፤ ይህን ደግሞ ከወላጅ ቀድሞ የሚያየው ብዙ ጊዜ አስተማሪው ነው።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሥራ ይበዛበታል፤ ሥዕላቸውን የሚያርምላቸውም እሱ ነው። ልጆቹን ለ12 ቡድን ይክፈሏቸውና እያንዳንዱ ቡድን የካርቶን ክንድ ይሥራ። ሁለት ቁራጭ ያስፈልጋል፦ ለላይኛው ክንድ 30 ሴ.ሜ በ5 ሴ.ሜ፣ ለታችኛው 30 ሴ.ሜ በ4 ሴ.ሜ። ካርቶኑ ውስጥ ያሉት ረድፎች በርዝመቱ መሄድ አለባቸው። በስፋቱ ከተቆረጠ ክንዱ መሃሉ ላይ ይሰበራል፤ ልጆቹም በወረቀት የሳሉትን ስህተት አሁን በእጃቸው ሠሩት ማለት ነው። የሳሳ ካርቶን ከሆነ ሁለቱን በኮላ ደርበው ያድርቁት።

የታችኛውን ክንድ ከጫፉ 3 ሴ.ሜ ላይ፣ የላይኛውን ከታችኛው ጫፉ 2 ሴ.ሜ ላይ በሚስማር ይብሱና ሁለቱን ደርበው በአጭር ሲባጎ፣ ከፊትና ከኋላ በቋጠሮ ያያይዟቸው። ከመጋጠሚያው አልፎ የሚተርፈው 3 ሴ.ሜ ትርፍ አይደለም። ጠረጴዛ ላይ ስንደገፍ የሚቆረቁረን የክርን ጫፍ እሱ ነው። አብዛኛው የካርቶን ክንድ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ መጋጠሚያው ጫፉ ላይ ከተበሳ ክንዱን የሚዘረጋው የኋላ ጡንቻ የሚስበው ነገር ያጣል።

አሁን ጡንቻዎቹ። ከመጋጠሚያው ወደ እጅ በኩል 3 ሴ.ሜ ርቀው፣ በታችኛው ክንድ የፊት ጠርዝ ላይ፣ ከጠርዙ ግማሽ ሴ.ሜ ገባ ብለው ይብሱና ሲባጎ ይሰሩ። ሲባጎው በላይኛው ክንድ የፊት ጠርዝ፣ ትከሻው አጠገብ በተለጠፈ አጭር የስትሮ ቁራጭ ውስጥ ይለፍ። ሌላ ሲባጎ ከክርኑ ጫፍ፣ ከመጋጠሚያው 2 ሴ.ሜ ርቆ በኋላ ጠርዝ በኩል ይታሰርና በላይኛው ክንድ የኋላ ጠርዝ በተለጠፈ ስትሮ ውስጥ ይለፍ። የፊቱ ሲሳብ ክንዱ ይታጠፋል፤ የኋላው ሲሳብ ይዘረጋል። አንዱን ሲስቡ ሌላውን መልቀቅ አለባቸው፤ ሁለቱንም ሲስቡ ክንዱ ይገተራል። ሲባጎውን ወደ ታች ይግፉት ቢባሉ ደግሞ ምንም አይሆንም። ጡንቻም እንዲሁ ነው፤ ይስባል እንጂ አይገፋም፣ ስለዚህ ጥንድ ሆኖ ይሠራል።

የሚገጥምዎትን ችግር አስቀድመን እንንገርዎ። ቀዳዳው በጠርዙ ፈንታ መሃል ለመሃል ከተበሳ፣ የተዘረጋው ክንድ ሲባጎው ቢሳብም አይታጠፍም። ሲባጎው በመጋጠሚያው ላይ ቀጥ ብሎ ስለሚያልፍ ሁለቱን ካርቶኖች እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል እንጂ አያዞራቸውም። ቋጠሮው ከጠበቀ አይንቀሳቀስም፣ ከላላ ደግሞ ክንዱ ወደ ጎን ይወላገዳል። ይህን መወላገድ አይደብቁት፤ በእውነተኛው ክርን ይህን የሚከለክሉት በግራና በቀኝ ያሉት ጅማቶች መሆናቸውን ለማሳየት ይጠቅማል። አንዳንድ ቡድን ደግሞ ቀላል እንዲሆንለት የፊቱን ሲባጎ እጁ አጠገብ ያስራል። በእርግጥ ይቀላል፣ ግን ሰውነታችን እንዲህ አይደለም። ክንዱ 90 ዲግሪ ታጥፎ እያለ ያለ ማስመሪያ አይለፉት፦ ከመጋጠሚያው 3 ሴ.ሜ ላይ የታሰረ ሲባጎ 1 ሴ.ሜ ሲሳብ፣ 27 ሴ.ሜ ርቆ ያለው የእጁ ጫፍ 9 ሴ.ሜ ያህል ይሄዳል። በተቃራኒው እጁ ላይ ያለውን አንድ ኪሎ ለመያዝ ጡንቻው 9 ኪሎ ያህል መሳብ ይኖርበታል። የሰው ክንድ ከጉልበት ይልቅ ለፍጥነትና ለርቀት የተሠራ መሆኑን ይህ ስሌት ያሳያቸዋል፤ ሒሳቡም ከ4ኛ ክፍል አቅም በላይ አይደለም።

በመጨረሻ የላይኛው ክንድ ጀርባ ላይ ትንሽ የካርቶን ጉልት ይለጥፉ፤ ክንዱ ቀጥ ሲል የክርኑ ጫፍ መጥቶ ይመታውና ይቆማል። በእኛም የክርኑ ጫፍ በላይኛው ክንድ አጥንት ጀርባ ባለው ጉድጓድ ገብቶ ስለሚገታ ነው ክርናችን ወደ ኋላ የማይታጠፈው። ይህ እንደተሠራ ያንኑ ሥዕል እንደገና ያስሏቸው። በሁለተኛው ሥዕል ላይ ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ ቀጥ ያሉ አጥንቶች፣ ከመጋጠሚያው አልፎ የወጣ የክርን ጫፍ፣ በፊትና በኋላ አንድ አንድ ጡንቻ። የአጥንት ስም ቢሳሳቱ ነጥብ አይቀንሱ።

ትከሻና ዳሌን ለማሳየት ሁለት ሁለት ልጆች ይበቃሉ። አንዱ ጡጫ ይጨብጥ፣ ሌላው መዳፉን ጎድጎድ አድርጎ ጡጫውን ይቀበል። መዳፉ ዘርጋ ሲል ጡጫው በየአቅጣጫው ይዞራል፣ ግን በትንሽ ግፊት ያመልጣል፤ ይህ ትከሻ ነው። ጣቶቹ ጡጫውን ዙሪያውን ሲይዙት መዞሩ ይቀንሳል፣ ማምለጡ ግን ይቀራል፤ ይህ ዳሌ ነው። ከትልልቆቹ መገጣጠሚያዎች ውልቃት የሚበዛው ትከሻ ላይ መሆኑ ከዚህ ነው፤ ብዙ አቅጣጫ የፈቀደ መገጣጠሚያ ጥብቀቱን ከፍሎ ነው። ታናናሾቻቸውን ተሸክመው ለሚውሉ ልጆች አንድ ነገር ይጨምሩላቸው፦ ከ5 ዓመት በታች ያለን ልጅ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ማንሳት ወይም በኃይል መጎተት የክርኑን አጥንት ከቦታው ሊያንሸራትት ይችላል። በሁለት ብብቱ ይዘው ያንሱት።

እውነተኛ አጥንት ማሳየት ከቻሉ ከሁሉም የሚበልጥ ነው። ድሬዳዋ ላይ ግን መጀመሪያ ወላጆችን ያስፈቅዱ። ክፍልዎ ውስጥ የሙስሊምም የክርስቲያንም ልጆች አሉ፤ የሌላውን ሥጋ መንካት የሚከብደው ልጅም ወላጅም ይኖራል። የሚነኩት እርስዎ ብቻ ሆነው ልጆቹ ቢያዩ ነገሩ ይቀላል። ሥጋው ቄራ ታርዶ ምርመራ ያለፈ ይሁን። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተገዝቶ 5 ሰዓት ሳይሞላ ትምህርቱ ይለቅ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሙቀት ዕድሜ አይሰጠውም። ጓንት፣ ሳሙናና አንድ ጀሪካን ውኃ ያዘጋጁ።

ቀላሉ የዶሮ እግር ነው፤ ለወጥ ብልት ሲወጣ ተቆርጦ የሚጣለው ባለ ጥፍሩ ክፍል። ያስተውሉ እንደሆነ ብልት የምታወጣ ሴት አጥንት አትሰብርም፤ መገጣጠሚያውን በጣቷ ፈልጋ በቢላዋ ጫፍ ጅማቱን ትቆርጣለች። የተቆረጠበትን ቦታ ቆዳ 1 ሴ.ሜ ያህል ወደ ታች ይግፈፉት፤ ነጫጭ ጅማቶች ይታያሉ። ያንሸራትታሉና በፒንሳ ይያዟቸው። ከኋላ ያለው ሲሳብ ጣቶቹ ይጨበጣሉ፣ ከፊት ያለው ሲሳብ ይዘረጋሉ። የተቀቀለ አይሆንም፤ ከታረደ ብዙ ቆይቶ የደረቀም አይሳብም። ወዲያው ልጆቹ የራሳቸውን ክንድ ከክርን በታች ጨብጠው ጣቶቻቸውን ያንቀሳቅሱ። ጣትን ከሚያጥፉት ጡንቻዎች ዋነኞቹ ያሉት እዚያ እንጂ ጣቱ ውስጥ አይደለም፤ ጣት ውስጥ የሚደርሰው ጅማቱ ብቻ ነው።

ጉልበት ከፈለጉ የፍየል የኋላ እግር ይጠይቁ። ሰው «ጉልበት» የሚለው የፍየል የፊት እግር መሃል በእውነቱ የእጅ አንጓዋ ነው፤ በኋላ እግሯ ወደ ኋላ የታጠፈ የሚመስለው ደግሞ ቁርጭምጭሚቷ ነው። የዶሮም የግመልም እንዲሁ። እውነተኛው ጉልበት ከፍ ብሎ ከጭኑ ሥር፣ የጉልበት ሎሚ ያለበት ነው። ሥጋ ሻጩ ልማዱ መገጣጠሚያው ላይ በመጥረቢያ መምታት ስለሆነ አስቀድመው ይንገሩት፤ ከጉልበቱ 8 ሴ.ሜ ከላይ፣ 8 ሴ.ሜ ከታች በመጋዝ ይቁረጥልዎ። በመጋዝ የተቆረጠው ጫፍ ቱቦ መሆኑንና ውስጡ መቅኔ እንዳለ ያሳያል።

ሥጋውን ገፈው መገጣጠሚያውን ያጥፉት፣ ይዘርጉት፤ ወደ ጎን ሲገፉት እምቢ ይላል። አሁን በአንድ ጎን ያለውን ነጭ ጠንካራ ጅማት ብቻ በቢላዋ ይቁረጡና እንደገና ይግፉት፤ በዚያ ጎን ይከፈታል። እግር ወለም ሲል የሚወጠረው ወይም የሚበጠሰው እንዲህ ያለው ጅማት ነው። ክፍሉ በሙሉ ዝም ብሎ የሚያይዎት እዚህ ላይ ነውና አይቸኩሉ። ከዚያ ይክፈቱት። የአጥንቶቹን ጫፍ የሸፈነው ነጭ የሚያብረቀርቅ ልባስ ካርቲሌጅ ነው፤ በጓንት ጣትዎ ሲነኩት ያንሸራትታል። በመካከሉ ያለው ዝልግልግ ፈሳሽ ሰበቃውን ይቀንሳል።

ልጆች ስለሚጠይቁት ጥቂት። ጣት ሲሳብ «ቋ» የሚለው አጥንት ተሰብሮ ወይም ተጋጭቶ አይደለም፤ መገጣጠሚያው በድንገት ሲሳብ በፈሳሹ ውስጥ የጋዝ አረፋ ስለሚፈጠር ነው፤ እንደገና ለመጮህም 20 ደቂቃ ያህል የሚፈልገው ለዚህ ነው። ሕፃን ሲወለድ ከ270 እስከ 300 የሚደርሱ አጥንቶች አሉት፤ ሲያድግ ብዙዎቹ እየተጋጠሙ አንድ ይሆናሉ። ቤታቸው ሕፃን ያለ ልጆች እርግብግቢቱን ያውቁታል፤ የራስ ቅል አጥንቶች ገና ያልተገናኙበት ቦታ ነው፣ እንዳይጫኑት ያስጠንቅቋቸው። ድንቅነሽንም ያነሳሉ። በ1967 ዓ.ም. አፋር ሐዳር የተገኘችው 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ቅሪተ አካል በሁለት እግር ትሄድ እንደነበር ከሚናገሩት ማስረጃዎች ዋነኞቹ ዳሌዋና የጭን አጥንቷ ናቸው። ልጆቹ እግራቸውን ገጥመው ይቁሙና እጃቸውን ዳሌያቸው ላይ፣ ከዚያ ጉልበታቸው ላይ ያድርጉ፤ ዳሌ ሰፊ ነው፣ ጉልበት ግን ተጠጋግቷል። የጭን አጥንት ወደ ውስጥ ዘንበል ብሎ ስለሚወርድ እግራችን ከሰውነታችን መሃል ሥር ያርፋል። የእሷም እንዲሁ ነው።

የፍየሉን ጉልበት ለሚቀጥለው ዓመት ማስቀረት ይችላሉ። ከትምህርቱ በኋላ ቤት ወስደው በለስላሳ እሳት ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይቀቅሉት፤ ጅማቱ ይለሰልስና አጥንቶቹ ይለያያሉ። በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ያጽዱት፣ ስቡ እንዲወጣ በለብታ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ይዘፍዝፉት፤ ውኃውን በየቀኑ ይለውጡ። እንዲነጣ ከፋርማሲ የሚሸጠውን 3 ከመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በክፍት ፕላስቲክ ዕቃ ለ24 ሰዓት ይጠቀሙ። በረኪና አይንካው፤ የአጥንቱን ገጽ በልቶ ዱቄት ያደርገዋል። ፀሐይ ላይ ካሰጡት ይሰነጠቃል፤ ጥላ ውስጥ፣ ድመትና ውሻ በማይደርሱበት ለአንድ ሳምንት ይድረቅ። የጉልበት ሎሚው ትንሽ ስለሆነ ከቅቅሉ ውኃ ጋር እንዳይደፋ ውኃውን በወንፊት ያሳልፉት።